የእንግዳ ዕዳ

አገር ማየት የሚወዱ ሰዎች አንድ ቦታ ከተገናኙ ብዙ ሳይቆይ «ተጓዥ ነህ ወይስ ቱሪስት?» የሚል ክርክር ይነሣል። ተጓዥ የሚሉት በአገሬው አውቶቡስ የሚሳፈረውን፣ ከአገሬው ጋር ቆርሶ የሚበላውን፣ ቋንቋውን የሚሞካክረውን፣ የመመለሻ ቀኑን ያልቆረጠውን ነው። ቱሪስት የሚሉት ደግሞ አስጎብኚ ድርጅት ባወጣለት ፕሮግራም በአንድ ሳምንት አራት ከተማ አዳርሶ፣ ፎቶውን አንሥቶ የሚመለሰውን ነው። የመጀመሪያው ስም ክብር አለው፤ በሁለተኛው ሲጠሩት ግን ራሱ ቱሪስቱም ደስ አይለውም።

ክርክሩን እስካሁን የያዙት በአብዛኛው ሂያጆቹ ናቸው። ማን የበለጠ አየ፣ ማን የበለጠ ደፈረ፣ ማንን ጉዞው ለወጠው እያሉ ይመዝናሉ። እንደ እኛ ያለ፣ ሰው ሊያየው የሚመጣ አገር ግን የራሱ ሚዛን ያስፈልገዋል። ላሊበላ ላይ ጫማ ለሚጠብቀው ልጅ፣ ስሜን ላይ በቅሎ ለሚነዳው ገበሬ፣ ከጂንካ ማዶ ካሜራ ለሚደቀንባት የሙርሲ ሴት ይህ ልዩነት ምን ይፈይዳል? ሁለቱንም ወገን በዚህ ጥያቄ መመዘን እፈልጋለሁ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይከፍሉት የሚሄዱት ዕዳ አለባቸው።

ንቀቱ ከየት መጣ

ቱሪስትን መናቅ ከቱሪዝም ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። በእንግሊዝ ባሕር ተሻግሮ አገር ማየት ለረጅም ዘመን የመሳፍንትና የባለጸጋ ልጆች ዕድል ነበር፤ ከሞግዚት መምህር ጋር ፈረንሳይና ጣሊያን ወርደው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይተው ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1841 ቶማስ ኩክ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ አስከፍሎ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። መድረሻቸው ሰው መጠጥ እንዲተው የሚሰበክበት ስብሰባ ነበር። ኩክ ከዚያ በኋላ ሥራውን አስፍቶ ሰው ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ግብፅ መላክ ጀመረ። የቢሮ ጸሐፊው፣ የትምህርት ቤት መምህሩ፣ ብቻዋን መንገድ መውጣት የማይፈቀድላት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ተሻገሩ። ወዲያው ደግሞ ቀድሞ የሄደው ወገን በእነርሱ ላይ ማላገጥ ጀመረ። ጩኸት አመጡ፣ ተንጋግተው መጡ፣ የሚያዩት ሳይገባቸው ያልፋሉ ተባለ። ነቀፋው ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ግማሹ ቅሬታ ስለ መንገዱ ሳይሆን፣ መንገዱ ላይ ስለወጣው ሰው ማንነት ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ ደብሮች አካባቢ የሚመላለስ ሰው ማስታወቂያውን ያውቀዋል፦ ወደ ግሸን፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ አክሱም፣ ወደ ቁልቢ የሚደረግ መንፈሳዊ ጉዞ፤ የመነሻ ቀን፣ የትራንስፖርትና የመስተንግዶ ክፍያ፣ የስልክ ቁጥር። ሰዎቹ በአንድ አውቶቡስ ይሄዳሉ፣ አብረው ይዘምራሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ በተቆረጠላቸው ቀን ይመለሳሉ። ቅርጹ ከቶማስ ኩክ ጉዞ አይለይም። ከእነዚህ ምእመናን አንዷን፣ ጉልበቷ የደከመ እናት፣ «በቡድንና በፕሮግራም ስለመጣሽ እውነተኛ ተሳላሚ አይደለሽም» የሚላት ሰው ቢገኝ ሁላችንም እንቆጣለን። ስለዚህ በቡድን መሄድ፣ ፕሮግራም መያዝ፣ አስጎብኚ መከተል ብቻውን የሰውን ጉዞ ከንቱ አያደርገውም።

ከዘመናዊዎቹ ጸሐፊዎች አሜሪካዊው የታሪክ ሰው ዳንኤል ቡርስቲን የተጓዡ ወገን ጠበቃ ነው። ኢሜጅ በተባለው መጽሐፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ተጓዥ ለሚያየው ነገር የሚደክም ሰው ሲሆን ቱሪስት ግን ነገሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብለት የሚጠብቅ ነው ብሎ ተከራከረ። የማኅበረሰብ ጥናት ሰው የሆነው ዲን ማካኔል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ቱሪስት በተሰኘ መጽሐፉ መለሰለት፤ ቱሪስትን መናቅ የቱሪስቶች የራሳቸው ጠባይ ነው፣ እያንዳንዱ ጎብኚ ከሌላው ጎብኚ ይልቅ እውነተኛውን ነገር ያየሁ እኔ ነኝ ማለት ይፈልጋል አለ። ሁለቱም የተናገሩት ስለ ሂያጁ ልብ ነው። የተቀባዩ ደጅ ግን ከልብ ይልቅ ሥራን ያያል።

የተጓዡ ወገን

ለተጓዡ የሚቀርበው ጠንካራው ማስረጃ ጊዜ ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1520 ከአገሩ መልእክተኞች ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል ግቢ መጥቶ ስድስት ዓመት ቆየ። ከንጉሡ ሰፈር ጋር ተንቀሳቀሰ፣ ጾሙንና በዓሉን አየ፣ ከካህናቱ ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ። ላሊበላንም አይቶ ያየውን ለአገሩ ሰው ሲጽፍ ማንም አያምነኝም ብሎ ሠጋ። መጽሐፉ ሊዝበን ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1540 ነው። አልቫሬዝ በዝርዝር ከጻፈላቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ መካነ ሥላሴ ነበር፤ እርሱ ከሄደ ከአምስት ዓመት በኋላ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጠለ። ያ ቄስ አንድ ሳምንት ብቻ ቆይቶ ቢመለስ ኖሮ ስለዚያ ደብርና ከጦርነቱ በፊት ስለነበረው የቤተ መንግሥት ኑሮ የምናውቀው በጣም ባነሰ ነበር። ቆይቶ ያየ ሰው አንዳንድ ጊዜ ለባለቤቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቀራል።

ዛሬም ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የላሊበላ ጉብኝት በተለመደው ፕሮግራም ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ከ8 ሰዓት በኋላ እንደገና ነው። በእነዚያ ሰዓቶች የሚታየው ዓለቱ ነው፤ የቤተ መድኃኔ ዓለም ዐምዶች፣ የቤተ ማርያም ሥዕሎች፣ የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ላይ ያለው መስቀል። ቦታው ነፍስ የሚዘራው ግን ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። ኪዳን የሚያደርሱት ካህናት፣ ነጠላቸውን ተከናንበው በግድግዳው ጥግ የሚጸልዩት እናቶች፣ ጠበል ሊጠመቁ ታመው የመጡ ሰዎች፣ ዳዊት የሚደግሙ የቆሎ ተማሪዎች ያኔ ነው የሚታዩት። ሁለትና ሦስት ቀን የሚያድር ሰው ይህን ያያል፤ በአንድ ቀን ለሚያልፈው ግን አሥራ አንዱም ቤተ ክርስቲያን የሙዚየም ዕቃ መስለው ይቀራሉ።

ገንዘቡም በተጓዡ እጅ ሲሆን መንገዱ ይለያል። ስሜን ተራሮች በመኪና የሚሄድ ጎብኚ ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ፎቶ አንሥቶ፣ ጨነቅ ደርሶ በዚያው ቀን ይመለሳል። በእግሩ የሚሄደው ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ ያድራል። ስካውት፣ መሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ ያስፈልጉታል። የመኪናው ሰው ገንዘብ አብዛኛው ለመኪናውና ለሆቴሉ ባለቤት ሲሆን፣ የእግረኛው ገንዘብ ግን ትንሽ ትንሽም ቢሆን ብዙ ቤት ይደርሳል። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው የመቄት አምባ ደግሞ ገበሬዎች ራሳቸው በማኅበር የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተው፣ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ እየሄደ የሚያድርበት መንገድ ተከፍቷል። ይህን መንገድ የሚመርጠው ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ ወደ ተጓዡ ያደላል። ነገር ግን የተጓዡን ዝና ከፍ ያደረጉትን ሰዎች ጠጋ ብለን ስናይ ሌላ ነገር ይገጥመናል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ገብቶ፣ ጎንደር ቆይቶ፣ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። አማርኛና ግዕዝ ተምሮ ነበር፤ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ደፋርም፣ አስተዋይም ነበር። ይሁን እንጂ ከአውሮፓ ሰዎች ቀድሞ የዓባይን ምንጭ ያየሁ እኔ ነኝ ለማለት ሲል፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያው ቦታ መድረሱን አስተባበለ። አብሮት የመጣው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊም ምንጩ ድረስ አብሮት ሄዶ ሳለ፣ ብሩስ በመጽሐፉ ከዚያ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው፤ ሥዕሎቹንም የራሱ ሥራ አደረጋቸው። የግሽ ሰዎች ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፣ ያከብሩታል። ብሩስ ግን «የመጀመሪያው» መሆን ፈለገ፤ ለዚህም ጓደኛውን ከታሪኩ አወጣ። ብቻዬን አየሁ ማለት የተጓዡ ልዩ ፈተና ነው።

ሌላው ፈተና፣ አገሩ እንዳለ እንዲቆይለት መፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እና 1934 አዋሽን ተከትሎ በአፋር ምድር አልፎ ወንዙ እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ ሄደ። የእግርና የግመል ጉዞን እንጂ መኪናን አልወደደም፤ የሚያደንቃቸው ሕዝቦች ኑሮ በሞተርና በነዳጅ ዘይት ገንዘብ መለወጡንም ዕድሜ ልኩን አዘነበት። ሐዘኑ ከልቡ ነበር። ነገር ግን ምጥ ላይ ያለች ሚስቱን በቃሬዛ የተሸከመ ሰው መንገድና መኪና ሲመጣለት አያዝንም። ያለ መንገድ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ቆርቆሮ ጣራ የሚያምር መንደር ተጓዡን የሚማርክበት ምክንያት፣ እርሱ እዚያ ክረምቱን ስለማይከርም ነው።

በስሜን ግጭ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ተሰረዘ። ለዋልያውና ለሣሩ ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ግጦሹ በእርግጥ ተራራውን እየጎዳ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ በግጭ የሚያልፍ ተጓዥ የሚያደንቀው ጸጥታ የሌሎች ቤት የነበረበት ቦታ ጸጥታ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የከበደው የተጓዡ ዕዳ ግን መስተንግዶ ነው። በገጠር ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» የሚልን ሰው መመለስ ነውር ነው። ባለቤቱ አጎዛውን ያነጥፍለታል፤ ሚስቱ እግር ውኃ ታቀርባለች፣ ለነገ የተቀመጠውን ሊጥ ትጋግራለች፣ ያለቻቸው ዶሮ አንዲት ብትሆንም ልትታረድ ትችላለች። ባለቤቶቹ ገንዘብ አንቀበልም ይላሉ። ተጓዡ ይህን ቆይቶ ሲጽፈው «ምንም የሌላቸው ሰዎች ሁሉን ሰጡኝ» ብሎ ያደንቃል። ለእርሱ የሕይወቱ ውብ ምሽት ነው፤ ለቤቱ ደግሞ ከጎተራ የጎደለ እህል ነው። በአገሬው ወግ መስተንግዶ ብድር አለው፤ ዛሬ ያስተናገደ ነገ ሲመሽበት ይስተናገዳል። ከሩቅ የመጣው ተጓዥ ግን ያ ገበሬ በሩን ሊያንኳኳ እንደማይመጣ ያውቃል፤ ቢመጣም ከኤርፖርቱ አያልፍም። ስለዚህ በርካሽ ዞርኩ ብሎ የሚኮራ ሰው ርካሹን ዋጋ ማን እንደከፈለለት መጠየቅ ይገባዋል።

የቱሪስቱ ወገን

ቱሪስቱ በዚህ በኩል ንጹሕ ነው፤ የወሰደውን ይከፍላል። ላሊበላን ለማየት የውጭ አገር ጎብኚ ለዓመታት 50 የአሜሪካ ዶላር ሲከፍል ኖሯል፤ ኢትዮጵያዊ ምእመን ግን ለጸሎት በነጻ ይገባል። ይህ ልዩነት ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ ሊያይ፣ ሌላው ወደ ቤቱ መጥቷልና። ከቲኬቱ በላይ ደግሞ ትንንሽ ሥራዎች አሉ። ወደ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ጎብኚው በአንዱ በር ገብቶ ብዙ ጊዜ በሌላው ስለሚወጣ፣ ጫማ ጠባቂው ጫማዎቹን አንሥቶ፣ በዓለቱ መተላለፊያ ዞሮ፣ በወዲያኛው በር ደርድሮ ይጠብቃል። የማን ጫማ የትኛው እንደሆነ፣ ቁልቁለቱ ላይ የአዛውንቷን እጅ የት ላይ እንደሚይዝ ያውቃል። ቀኑ ሲያልቅ የሚቀበላት ገንዘብ የቤት ኪራይና የታናሽ እህት ደብተር ናት። እርሱ «ተጓዥ ነህ ወይስ ቱሪስት?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ሥራ ሲቆም ምን እንደሚሆን ላሊበላ አይታለች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ በጦርነቱ ተያዘች፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት መንገዱን ዘጋው። ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፣ አስጎብኚዎች ሥራ ፈቱ፣ መስቀልና ነጠላ የሚሸጡት ሱቆች ተዘጉ። በእነዚያ ዓመታት የከተማው ሰው የናፈቀው ለአንድ ሌሊት መጥቶ፣ ክፍል ይዞ፣ ራት በልቶ፣ ጉርሻ ትቶ የሚሄደውን ተራ ቱሪስት ነበር።

አገራችን ይህን መንገድ የመረጠችው ዐውቃ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝምን መሥሪያ ቤት ሲያቋቁሙና «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን በአውሮፕላን ያያያዘው የታሪክ መስመር ተዘረጋ። ያ መስመር የተሠራው በበቅሎ ወር መጓዝ ለማይችለው ሰው ነው። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ላላት ነርስ፣ ጉልበቱ ለደከመ ጡረተኛ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው አስጎብኚና መኪና ቅንጦት አይደሉም። ጊዜ የሌለውን ሰው ጥልቀት የለህም ማለት ቀላል ነው፤ ጊዜ ግን ራሱ ሀብት ነው።

የቱሪስቱም ጥፋት ግን ሊሸፈን አይገባም። ላሊበላ ላይ የደብሩን መስቀል ይዘው መጋረጃው ፊት የሚቆሙ ካህን ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ፤ ከማለዳ እስከ ማታ የሚበርቀውን የካሜራ ብልጭታ ዓይናቸው ስላልቻለ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ይልቅ የጎብኚ መኪና መጠበቅ ይለምዳሉ፤ «የመማሪያ መጽሐፍ ግዛልኝ» ተብሎ የተገዛው መጽሐፍ ማታ ወደ ሱቁ ተመልሶ በገንዘብ ይለወጣል። ለማስታወሻ የሚሆን ጥንታዊ ነገር የሚፈልግ ገዢ ባለበትም ሌባ አይጠፋም። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ፣ ቤልጂግ ተገኝቶ የተመለሰው በ2001 ነው። ያን ጊዜ የከተማው ሕዝብ ለአቀባበል የወጣው እንደ ንግሥ በዓል ነበር።

በኦሞ ሸለቆ ነገሩ ይብሳል። ጎብኚዎች ከጂንካ ማልደው ተነሥተው የሙርሲ መንደር ይደርሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ ይከፍላሉ፤ ከቀትር በፊት ይመለሳሉ። ሰው በከንፈሩ ሸክላና በቆዳው ቀለም ተለይቶ ሒሳብ ይወጣለታል። ከሙርሲዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠራው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሙርሲዎች ራሳቸው ፎቶ አንሺዎቹን በግርምት እንደሚመለከቱ፣ ለምን እንደሚያነሷቸው እንደሚጠይቁ አሳይቷል። እዚህ ላይ ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ግን ሰላምታ አልተለዋወጡም። ዋጋ መክፈል ዕዳን ሁሉ አይሰርዝም።

ፓስፖርቱ የሚሰጠው ስም

ክርክሩ ከሚዘነጋቸው ነገሮች ትልቁ ማን ተጓዥ መሆን ይፈቀድለታል የሚለው ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ አውሮፓን ልዙር ቢል ለሼንገን ቪዛ የሚያድርበትን ቦታ ማስረጃ፣ የመመለሻ በረራ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ማቅረብ አለበት። «የመመለሻ ቀኔን አልቆረጥሁም፣ መንገዱ ወደመራኝ እሄዳለሁ» ካለ ቪዛውን አያገኝም። ሕጉ ራሱ ቱሪስት ሁን ይለዋል። ያ የሚደነቀው የተጓዥ ነጻነት በአብዛኛው ፓስፖርት የሚሰጠው ነገር ነው።

ፓስፖርቱ የማያስኬደው ሰው መንገድ ሲወጣ ደግሞ ስሙ ሌላ ይሆናል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በሰናር አድርጎ፣ የኑብያን በረሃ አቋርጦ፣ በውኃ ጥም ሊሞት ደርሶ አስዋን ገባ፤ በዚህም ታላቅ ተጓዥ ተባለ። በዘመናችን ስንት የጎንደርና የወሎ ልጅ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ፣ የሊቢያን በረሃ ሲያቋርጥ ያንኑ ጥም ቀምሷል! እርሱ ግን ሕገ ወጥ ስደተኛ ይባላል። ዓላማቸው አንድ ነው አልልም፤ አንዱ ዕውቀትና ዝና፣ ሌላው እንጀራ ፍለጋ ነው። ድፍረቱና አበሳው ግን አይተናነስም፤ በመንገዱ ያየውንም ማንም አላሳተመለትም።

ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ ለበዓል የሚመጣው ወገናችንም በሁለቱ ስሞች አይያዝም። ቋንቋው የእርሱ ነው፤ አክስቱ በር ላይ እልል ብላ ትቀበለዋለች። ይሁንና የሦስት ሳምንት ፈቃድ ነው ያለው፤ ሆቴል ይይዛል፣ ላሊበላ ለገና ይወጣል፣ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። አጠገቡ ከዋግ ወይም ከጎጃም ቀናት በእግሯ የመጣች እናት ቆማለች። የከተማው ሰው የእርሷን እግር ያጥባል፤ የእርሱን ቦርሳ ይሸከማል። ሁለቱም በቦታው ደስታ አላቸው፤ ሁለቱም ከከተማው የተቀበሉት ነገር አለ፤ የሚመልሱት ግን አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ሚዛኑ

ቬኒስ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለቀን ጎብኚዎች 5 ዩሮ መግቢያ ስትጥል፣ አዳሪውን ከዚህ ክፍያ ነጻ አድርጋለች። ከተማዋ ማን ጥልቅ ነው፣ ማን ላይ ላዩን ያያል ብላ አልመረመረችም። ማን በከተማው አድሮ ከፈለ፣ ማን ተጋፍቶ ብቻ ሄደ የሚለውን ጠየቀች። የተቀባይ ሚዛን እንደዚህ ነው፤ የልብን አይመረምርም፣ ምን ተወሰደ ምን ተመለሰ ይላል።

በዚህ ሚዛን ስመዝን፣ ተጓዥነትን ከቱሪስትነት በላይ የሚያደርግ ነገር በራሱ አላገኘሁም። ልዩነቱ ግን እውነት ነው፤ የሚወስዱት ነገር ይለያያል። ቱሪስቱ በአብዛኛው የሚወስደው አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ሊከፍል ይችላል፣ ይከፍላልም። ተጓዡ የሚወስደው የሰውን ጊዜ፣ የሰውን ማዕድ፣ የሰውን ታሪክ ነው፤ ይህ በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ከሁለቱ የከበደ ዕዳ ያለበት የተከበረው ነው። አልቫሬዝ ዕዳውን በከፊል ከፍሏል፤ ያየውን በትዕግሥት ጽፎ ለእኛም የሚሆን ምስክር ትቶልናል። ብሩስ ብዙ ዕውቀት ይዞ ሄዶ ሳለ ለባሉጋኒ የሚገባውን ስም እንኳ ከልክሏል። ሁለቱም ተጓዦች ነበሩ። የለያያቸው ያለባቸውን ዕዳ ማወቃቸውና አለማወቃቸው ነው።

ለሚመጣው ሰው የምለው ቀጥተኛ ነው። በቱሪስትነት የምትመጣ ከሆነ አትፈር፤ ነገር ግን ገንዘብህ የፎቶ ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን አድርግ። ፎቶ ከማንሣትህ በፊት ሰላም በል፣ ብልጭታውን አጥፋ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዝ፣ በከተማው እደር፤ ጥንታዊ ነገር አትግዛ። በተጓዥነት የምትመጣ ከሆነ ደግሞ ያስተናገደህን ቤት አትርሳ። «አንቀበልም» ሲሉ ስኳርና ቡና፣ ለልጆቹ ደብተር ትተህ ሂድ፤ የጻፍኸውን አስነብባቸው፤ ፎቶአቸውን አሳትመህ ላክ፤ ከአንተ በፊት የነበሩትንና አብረውህ የሄዱትን በስማቸው ጥራ። መንገድና መብራት ሲገባላቸው ውበቱ ጠፋ ብለህ አትዘን።

እኛ ተቀባዮችም ከዕዳ ነጻ አይደለንም። ልጆቻችን የጎብኚ መኪና ተከትለው እንዳይሮጡ ማድረግ የአስጎብኚው፣ የደብሩና የወላጅ ሥራ ነው። የቲኬቱ ገንዘብ ለቅርሱ ጥገናና ለከተማው ሕዝብ ምን ያህል እንደሚደርስ በግልጽ መነገር አለበት። የሙርሲ ሽማግሌዎች በየትኛው ቀንና በምን ሁኔታ እንግዳ እንደሚቀበሉ ራሳቸው ሊወስኑ ይገባል እንጂ ሌላ ሰው ሊወስንላቸው አይገባም። የግጭ ሰዎችም ከተነሡበት መሬት ከሚገኘው የጎብኚ ገንዘብ ድርሻቸው ሊታወቅ ይገባል። ከሁሉ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት። ሰላም በሌለበት ተጓዡም ቱሪስቱም አይመጡም፤ ቢመጡም የሚቀበላቸው ሰው ደጁን ለመክፈት ይፈራል። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን እያልን የምንኮራ ከሆነ፣ ደጁን የሚከፍተው ሰው ፈቃዱና ድርሻው መጠበቁን የማረጋገጥ ግዴታ አለብን።